ዝም በል፣ ዶክተሩ መጣ!

ጎጃም ገጠር ውስጥ ልጅ ሲያስቸግር የሚጠራው አያ ጅቦ ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ግን አያ ጅቦ ቦታውን ለዶክተር ከለቀቀ ቆይቷል። «ዝም በል፣ ዶክተሩ መጣ!» «ቆይ መርፌ ባላስወጋህ!» ምሳ አልበላም ያለውም፣ ሱቅ በር ላይ ከረሜላ ካልተገዛልኝ ብሎ የተንከባለለውም በዚሁ መርፌ ነው የሚዛትበት። ጎረቤት ይለዋል። ባለሱቁ ይለዋል። አያት ትለዋለች። ደግሞ ይሠራል፣ አልዋሽም። ልጁ ወዲያው ጸጥ ይላል።

ጣጣው የሚመጣው ያንኑ ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ለዚያው ሰውዬ በገዛ እጅሽ ስታስረክቢው ነው።

እኔ ያስረከብኩት የአራት ዓመት ልጄን ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ሲያድግ አንብቦ እንዳይጣላኝ። ቤት ውስጥ አቡሽ ነው የምንለው። እዚህም አቡሽ ይሁን።

ሕመሙ ቡአ ነው። ሳጥበው ነው ያየሁት። ቀኝ ብሽሽቱ ላይ ሲያለቅስ ወይም ሽንት ቤት ተቀምጦ ሲያምጥ ብቅ የምትል እብጠት ነበረችው። ሲተኛ ትጠፋለች። መጀመሪያ ንፍፊት መስላኝ ነበር። ንፍፊት ግን እንዲህ ብቅ ጥልቅ አትልም።

እናቴ አማኑኤል ነው የምትኖረው፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ሲኬድ። በስልክ ስነግራት ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየችም። «ሲያለቅስ ዝም እያልሽው ነው። አንች ድሮም ልብሽ ደረቅ ነው።» ጎረቤቴ ደግሞ ሳንቲም በጨርቅ ጠቅልለሽ እሰሪበት አለችኝ። ሳንቲሙ ለእምብርት ነው የሚባለው፤ እሷ ወደ ብሽሽት አወረደችው።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣሉ ነው ያስረዱኝ። ወንድ ልጅ ገና ማኅፀን ውስጥ እያለ የዘር ፍሬው ከሆዱ ወደ ታች ይወርዳል። የሚወርድበት መንገድ በኋላ መዘጋት አለበት። አንዳንዱ ላይ ሳይዘጋ ይቀራል። በዚያ ክፍተት አንጀት ሾልኮ ሲወጣ ነው ከውጭ የሚያብጠው። ለቅሶ እብጠቱን ያሳየዋል እንጂ አያመጣውም። ከ100 ሕፃናት ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ላይ ይታያል። ወንዶች ላይ ይበዛል፣ በቀኝ በኩል ይበዛል፣ ወሩ ሳይሞላ የተወለደ ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። የእምብርቱ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሆነው ራሱ ይዘጋል። ሳንቲም ለአንዱም አይረዳም፣ ቆዳ ያቆስል እንደሆነ እንጂ።

የብሽሽቱ ግን በራሱ አይዘጋም። እንደወጣ ሊቀርም ይችላል። እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ልጁ እየጮኸ ካስመለሰው፣ ሌሊትም ቢሆን ነገ ይሻለዋል አይባልም። የታነቀ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ደም ሊያጣና ሊሞት ይችላል። ይህን ሲሉኝ ነው እጄ የቀዘቀዘው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ እብጠት ነበር።

ለእናቴ ደውዬ ያሉኝን ሁሉ በሥርዓቱ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እና አላስለቀስሽውም?» አለችኝ።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም እንዲያየው ሪፈር ተጻፈልንና ባሕር ዳር ቀጠሮ ያዝን። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን ተነሳን። እናቴም ካልሄድኩ ብላ ከአማኑኤል ላይ ተሳፈረች፤ አንድ እጇ ላይ ድፎ ዳቦ፣ አንድ እጇ ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ጸበል።

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለልጁ ምን እንበለው የሚለው ክርክር ፍኖተ ሰላምን አልፈን ማንኩሳ ስንደርስም አላለቀም። አቡሽ ጭኔ ላይ ተኝቷል። እኛ በሹክሹክታ እንጨቃጨቃለን። ባለቤቴ ዘመድ ጥየቃ ነው እንበለው ባይ ነው። እናቴ ጣና ላይ ጀልባ ልናሳይህ ነው በሉት አለች። «ልጅ እውነት አይችልም፣ ልጀ። ከገባ በኋላ ያው ይገባዋል።»

እኔን የቆረቆረኝ ይኸው «ከገባ በኋላ» የሚሉት ነገር ነው። ከገባ በኋላ እኔ አጠገቡ አልኖርም። ያን ጊዜ ብቻውን ነው። ያ ሁሉ ጓንት ያጠለቀ፣ አፉን የሸፈነ ሰው ከቦት፣ በዚያ ላይ ጀልባው የለም። ስንዝትበት የኖርነው ሰውዬ ደግሞ እውነትም መርፌ ይዞ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ የኔን ቃል ለምን ያምናል?

ቡሬ ለሻይ ስንወርድ ነገርኩት።

«ያቺ እብጠትህ አለች አይደል? ዶክተሩ ቆዳህን ትንሽ ከፍቶ፣ ከውስጥ ያለችውን ቀዳዳ ይሰፋታል።»

«በቢላ?»

«በትንሽዬ ምላጭ። አንተ ግን አታይም፣ አይሰማህምም። መድኃኒት ሰጥተው ያስተኙሃል።»

«መሀል ላይ ብነቃስ?»

«ሲጨርሱ ነው የምትነቃው። እስከዚያ አንድ ሰው ራስጌህ ቆሞ አንተን ብቻ ነው የሚጠብቅ።»

ዳቦውን አስቀመጠ። «መርፌ አለው?»

ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። «አለው» አልኩ። «እጅህ ላይ። ያምማል። እስከ አሥር ስትቆጥር ያልቃል።»

አለቀሰ። ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው ዞሮ እስኪያየን አለቀሰ። ባለቤቴ አፉን ሳይከፍት «ይኸውልሽ» አለኝ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ብዙ ቆይቶ፣ ኮሶበር ልንደርስ ስንል፣ አቡሽ ቀና አለና «አሥራ አንድ ብቆጥርስ?» አለኝ።

ሆስፒታል የገባ ሰው ዋርድ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል፣ አልዘረዝርም። አስታማሚ አልጋ ሥር ሰሌን አንጥፎ ያድራል። ሌሊቱን ሙሉ አንዱ ልጅ ሲተኛ ሌላው ይነሳል። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ምግብ ይዞ ብቻውን የበላ ሰው አላየሁም። የእናቴ ድፎ ዳቦ በመጣበት ምሽት አለቀ።

ጾሙ ነው አንደኛው ፈተና። ማደንዘዣ የሚወስድ ልጅ ምግብ ካቆመ ቢያንስ 6 ሰዓት ሊሞላው ይገባል። የእናት ጡት ከሆነ 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ከሆነ 2 ሰዓት። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ቢያስመልሰው ማሳል አይችልም፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሲስተር ይህን ለሁላችንም ደግማ ደጋግማ ነገረችን። እናቴ ግን አልተዋጠላትም። «ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ማን ያጾማል?» በጋቢዋ ሥር ትንሽ ቁራሽ ደብቃ እንደነበር የገባኝ ሲስተሯ ስታያት ነው።

ሲስተሯ አልተቆጣችም። አጠገቧ ቁጢጥ ብላ «እማማ፣ ይኼ ልጅ ሲቆርብ በልቶ ነው እንዴ የሚቆርበው?» አለቻት።

«ኧረ በስመ አብ!»

«ታዲያ ይኼንንም እንደዚያ ይዩት።»

ቁራሿ ከጋቢው ወጣች። ከዚያ በኋላ የዋርዱ ሁሉ ጾም ጠባቂ እናቴ ሆነች። የሰው ልጅ ብስኩት ሲይዝ እንኳ ከእጁ ትነጥቅ ነበር። እኔ ስለ ሳንባ ስዘበዝብ ነው የከረምኩት፣ ሲስተሯ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

የመጀመሪያው ቀን ሳይሠራለት ቀረ። ከሌሊት ጀምሮ ሳይበላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ሳይጠጣ ጠበቀ። ስምንት ሰዓት ከቀኑ ላይ «ዛሬ አይደርስም፣ ድንገተኛ ገብቷል» ተባልን። ድንገተኛ የተባለችው አንጀቷ የታጠፈባት ሕፃን ናት። በቃሬዛ ስትገባ አይቻታለሁ፤ እሷን ያየ ሰው ተራዬ ነው ብሎ አፉን አይከፍትም። የከነከነኝ ሌላ ነው። እንደሚዘገይ አራት ሰዓት ላይ ያወቀ ሰው ነበር። አንድ ሰው መጥቶ «እናቶች፣ ውኃ ስጧቸው» ቢለን ልጆቹ ያን ያህል አይደርቁም ነበር። ስድብም ክርክርም አላነሳሁም፣ ግን የሕክምናው ግማሽ መናገር ይመስለኛል። እዚያ ቤት እጃቸው የተባረከ ሰዎች አሉ፤ ለአፋቸው ግን ጊዜ አጥተዋል።

አቡሽ ያን ዕለት ማታ እንጀራውን እየጎረሰ ለጎን አልጋው ልጅ «እኔ ጾሜ ነበር» እያለ ይፎክር ነበር።

በነጋታው በጠዋት ተጠራን። አረንጓዴ ጋውን አመጡለት፤ ለአሥር ዓመት ልጅ የተሰፋ መሆን አለበት፣ እጅጌውን አራት ጊዜ ጠቅልዬለትም ይወርዳል። ከዚያ የማተቡ ነገር መጣ። አንገቱ ላይ ጥቁር ክር አለ፣ ክሩ ላይ የክርስትና እናቱ ያሠረችለት ትንሽ የብረት መስቀል። «ብረት ነገር ይውለቅ» አለች ሲስተር። እናቴ በሁለት እጇ የልጁን አንገት ያዘች። ሲስተሯ አስረዳቻት። ውስጥ ደም ለማቆም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ አለ፣ ቆዳ ላይ ብረት ካለ ሊያቃጥል ይችላል። እናቴ አሰበች። ከዚያ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታች፣ መስቀሉን አውጥታ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፣ ባዶውን ክር መልሳ አሠረችለት። «ክሩ ብረት አይደለም» አለች። ሲስተር ሳቀች፣ ተወቻት። ጸበሉን ግንባሩን ብቻ ቀባችው። እንዳይጠጣ እሷው ናት የጠበቀችው።

ስሙን ጠየቁን። ስንወጣም ጠየቁን። በሩ ላይም ጠየቁን። የሚሠራው በየት በኩል ነው? ቀኝ። ብሽሽቱ ላይ በብዕር ምልክት አደረጉ። አለርጂ አለው? በልቷል? እንደገና ስሙ ማን ነው? እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ስሙን የማያውቁ ሰዎች ናቸው እንዴ የሚቀዱት?» አለችኝ። ነገሩን አንብቤው ስለነበር እኔን ደስ ነው ያለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አለ፣ 19 ነጥብ ያለው። ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ ከመቀደዱ በፊት፣ ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት እየቆሙ ያነቡታል። ማን ነው? ምኑ ነው የሚሠራው? በየት በኩል? ጨርቁና መርፌው ተቆጥሯል? የሚያሰለች ይመስላል። ልጄን በስሙ ሳይጠሩ ከሚወስዱት ግን አሥር ጊዜ ይጠይቁኝ።

በሩ ጋ መሬቱ ላይ ቀይ መስመር አለ። ከዚያ ወዲህ አስታማሚ፣ ከዚያ ወዲያ እነሱ። ማደንዘዣ ሰጪው ባለሙያ ወጣ፤ ወጣት ነው፣ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶታል። ለኔ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ አቡሽ ፊት ተንበረከከ።

«መርፌ እንዳለ ነግረውሃል?»

«አዎ። እስከ አሥር ነው።»

ባለሙያው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሮ «በል አብረን እንቆጥራለን» አለና አቀፈው።

አለቀሰ። ያኔም አለቀሰ። እውነት የነገሩት ልጅ አያለቅስም ያለ ካለ አላየም ማለት ነው። በባለሙያው ትከሻ ላይ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ «እማዬ፣ እማዬ» እያለ ነው የገባው። በዚያው ሰሞን ግን ሌላ ለቅሶ ሰምቻለሁ። አይስክሬም ልትበላ ነው ተብላ የመጣች የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እዚያው መስመር ላይ ስትደርስ ገባት። እናቷን እያየች «ውሸታም! ውሸታም ነሽ!» ትል ነበር። እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። ሴትዮዋ ምንም አላጠፋች፤ ሁላችንም እንድናደርግ የተመከርነውን ነው ያደረገችው። የዚያች ልጅ ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከበሩ ውጭ ያለው ወንበር ከእንጨት ነው፣ ረጅም። ከሰከላ የመጡ አንድ አባት ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው ውስጥ ናት። ባለቤቴ ይመላለሳል። እናቴ ውዳሴ ማርያሟን ትደግማለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር «የእንትና አስታማሚ!» ይባላል። ስማችን ባይጠራም ሁላችንም ብድግ እንላለን፤ ከዚያ እየተያየን እንቀመጣለን። ሽማግሌው በስተመጨረሻ «አይዞሽ እታለም፣ የተነሳ ሁሉ አይጠራም» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ብቻ ደግ ነገር መሰለኝ።

ሥራው ረጅም አይደለም። ለአዋቂ መረብ ያስገባሉ፣ ለሕፃን ግን አንጀቱ የሚሾልክባትን ከረጢት ከሥሯ አሥረው መቁረጥ ይበቃል። ክሩ ራሱ የሚሟሟ ነው። ቁስሉ ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ነው፣ ሲያድግ ራሱም ፈልጎ ላያገኘው ይችላል። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የተቀመጥኩት። ማወቅ ግን ጉልበት አያቆምም።

ሲወጣ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር ገጠመኝ። ዓይኑ ክፍት ነው። ክፍት ሆኖ አያየኝም። ብሌኑ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «አቡሽ» ስለው የለም። እናቴ «ልጄን ምን አደረጋችሁት!» ብላ ጮኸች። ማደንዘዣ ሰጪው ከኋላ ሮጦ ደረሰ። ኬታሚን ነው አለን፣ መድኃኒቱ እንዲህ ያደርጋል፣ ዓይን ገልጦ ያስተኛል፣ ሲለቀው ሊቃዥ ይችላል፤ ጸጥ በሉ፣ አትነቅንቁት። እኔ ደግሞ ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ከመግባቱ በፊት «ሲወጣ ዓይኑ ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀስ እያለ ለቀቀው። አስመለሰው፣ ውኃ ጠየቀ፣ አለቀሰ፣ ተኛ፣ እንደገና ነቃ። በደንብ ሲነቃ እጁ ላይ የተለጠፈውን ካኑላ፣ መድኃኒት የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ፣ ለረጅም ጊዜ አየው። መታጠፊያው እንዳይንቀሳቀስ በካርቶን ቁራጭ ደግፈው በፕላስተር አሽገውታል፤ ካርቶኑ ላይ የመድኃኒት ፋብሪካ ጽሑፍ ይታያል።

«እማ፣ ስድስት ላይ አለቀ» አለኝ። ቅር ብሎታል። «አሥር አልደረስንም።»

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጡት። ማታ ላይ ብሽሽቱን ይዞ አጎንብሶ መሄድ ጀመረ፤ በማግስቱ ቀና አለ። ልጅ ሲያገግም ፍጥነቱ ያናድዳል። እኔ ገና ጀርባዬ አልተቃናም ነበር።

ቤት ስንመለስ ጎረቤቱ መጣ። ስኳር፣ እንቁላል፣ «እንኳን እግዜር ማረህ»። ባለሱቁም መጣ። ጉንጩን ቆንጠጥ አድርጎ «አላለቀስክም አይደል? አንተ እኮ ወንድ ነህ!» አለው። አቡሽ ግራ ገብቶት አየው። «አለቀስኩ እንጂ» አለው። «ሦስት ጊዜ። ቡሬ አለቀስኩ፣ በሩ ጋ አለቀስኩ፣ ስነቃ አለቀስኩ።» ባለሱቁ የሚለው ጠፋው። ሳንቲም ያለችው ጎረቤቴ ጠባሳውን ካላየሁ አለችና አሳያት። ዝርዝሩን ሁሉ ነገራት፤ ምላጩን፣ ቀዳዳዋን፣ ስፌቱን። ሴትዮዋ ቡናዋን ሳትጨርስ ወጣች።

እናቴ አማኑኤል ተመልሳ ለመንደሩ የነገረችው ሌላ ታሪክ ነው። በእሷ ዘገባ ያዳነው ጸበሉ ነው፣ ሐኪሞቹ ስፌቱን ብቻ ነው የጨመሩት። አልተከራከርኳትም። ጾሙን የጠበቀችው እሷ ናት፤ የመሰላትን ትበል።

ለቁስሉ ቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሙ ገና ካርዱን እያገላበጡ አቡሽ ሱሪውን አወረደ። ፕላስተሩን ሲነቅሉት ሲያምም ነበር አላቸው። ቀስ ማለት ነበረባችሁ አላቸው። እሳቸውም ካርዱን አስቀምጠው ሰሙት። ከዚያ ለኔ በግራ በኩልም አንዳንዴ ሊወጣ ስለሚችል ሳጥበው እንዳይ ነገሩኝ። አቡሽ ይህን ሲሰማ «እንደገና መርፌ አለ?» አላቸው።

«በግራ ከወጣ አለ» አሉት።

አሰበና ሱሪውን ከፍ አደረገ። «እሺ። ካልወጣ ግን አልመጣም።»